ቁልፉ ቦርዱ ውስጥ ነው

መሥሪያ ቤቴ በጡረታ ሲሸኘኝ አንድ ወፍራም ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሰጠኝ። ባናውን ያስረከበችኝ የሰው ሀብት ክፍሏ ልጅ «እትዬ ዘነቡ፣ አደራ ላፕቶፕ እንዳይጠቀልሉበት» ስትል አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በብርዳማዋ ከተማችን በመሐል ሜዳ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ የሳቁን ምክንያት ያውቀዋል። ሰዉ ላፕቶፑን ከብርድ አድናለሁ ብሎ በሱፍ ሲጠቀልል፣ እኔ ደግሞ የሱፉን ብናኝ ከማቀዝቀዣው ፋን ውስጥ በወረንጦ ስለቅም ነው የኖርኩት። «ብርድ አይጎዳውም፣ የሚገድለው ሙቀት ነው» እያልኩ ስከራከር ፀጉሬ ሸበተ።

የጡረታው ወረቀት ብዙም ሳያጉላላኝ አለቀ። ገንዘቡም ለእኔና ለባለቤቴ ይበቃናል። አሁን ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ያለፈውን ሳስበው ቅር የሚለኝ ነገር ጥቂት ነው። ይህን የምጽፈውም ሙያዬ እየተለወጠ ስለሆነ ነው። ዛሬ ሰዉ ሥራውን በስልኩ ይጨርሳል፤ ላፕቶፕ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው እየቀነሰ ነው። እኛ እንዴት እንሠራ እንደነበር ሳይረሳኝ ልጻፈው አልኩ።

ሥራ የጀመርኩት ከመሐል ሜዳ ብዙም በማትርቀው በሞላሌ ከተማ ነው፣ በታይፒስትነት። የጽሕፈት መኪናው ሲበላሽ ከደብረ ብርሃን ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ሥራው ቆሞ ይጠብቃል። ያ ባለሙያ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከአጠገባቸው ካልሆኑ የማይሰማ ሰው ነበሩ። ሌላው ሰው እሳቸው ሲሠሩ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን የፈቱትን መኪና ግማሹን ገጥመው ተነሡና «ቀሪውን አንቺ ግጠሚው» አሉኝ። ገጠምኩት። ሠራ። በሚቀጥለው ሲመጡ ለእኔ የሚሆን ትንሽ መፍቻ ይዘው መጡ።

ኮምፒዩተር ወደ ወረዳዎቹ መምጣት ሲጀምር ጋሽ ደምሴ መሐል ሜዳ ተመደቡ። ረዳት ይምረጡ ሲባሉ የጠየቁት እኔን ነው። የሞላሌው አለቃዬ ሊለቁኝ አልፈለጉም።

«እሷ ጣቷ ለመጻፍ የተፈጠረ ነው» አሏቸው።

«ለመፍታትም ይሆናል» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ክርክሩ በዚህ አለቀ፤ ዕቃዬን ጭኜ መሐል ሜዳ ገባሁ።

ጋሽ ደምሴ አንድን ላፕቶፕ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው በደንብ ያደርቁታል። ከዚያ የመስኮቱን ብረት ይነካሉ፤ በሰውነታቸው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ እንዲሄድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ። የፈቱትን ብሎን አንድ ላይ አይከምሩትም፤ ጨርቁ ላይ ልክ በላፕቶፑ ቅርጽ ይደረድሩታል። ከግራ ጥግ የወጣው ከግራ ጥግ፣ ከመሐል የወጣው ከመሐል። ስለዚህ ሲገጥሙ ሰው ቢያናግራቸውም አይሳሳቱም።

ባለቤቱ አጠገባቸው ካልተቀመጠ አይጀምሩም። «ቀጠሮ አለብኝ፣ ጥዬው ልሂድ» የሚል ካለ «እንግዲያው ቀጠሮዎን ጨርሰው ይዘውት ይምጡ» ይሉታል። ከተቀመጠም በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

«ይህ ላፕቶፕ ዛሬ ወንዝ ቢገባ ምኑ ያስለቅስዎታል?»

ሰዉ መጀመሪያ «ምንም የለበትም» ይላል። ጋሽ ደምሴ መፍቻቸውን ሳያነሡ ይጠብቁታል። ትንሽ ቆይቶ የልጁ የምርቃት ፎቶ ትዝ ይለዋል፤ የእናቱ ተዝካር ቪዲዮ ትዝ ይለዋል። ያን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጡና ከዚያ ደግሞ የተገለበጠውን እየከፈቱ ያዩታል፣ ያዳምጡታል። አንድ ጊዜ ስለቸኮልኩ «ተገልብጧል ይላል እኮ» አልኳቸው። «እኔ የማምነው መከፈቱን ነው» አሉኝ።

ላፕቶፕን ሙሉ በሙሉ ጠርጎ ዊንዶው እንደ አዲስ መጫን ብዙ ባለሙያ የሚፈራው ሥራ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው እሱን ነበር። ዓመት ሙሉ ሲያቃስት የከረመ ማሽን ተጠርጎ ሲነሣ ደስ ይላል። ከተጫነ በኋላ ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ አክቲቬት መሆን፣ በፈቃድ ቁልፉ መንቃት አለበት። ያ ካልሆነ ስክሪኑ ጥግ ላይ ደብዛዛ ጽሑፍ ይወጣና አይጠፋም፤ አንዳንዱም ማስተካከያ ይዘጋል። የእኛ ሰው «ያቺ ጽሑፍ» ነው የሚላት። «እትዬ፣ ያቺን ጽሑፍ ያጥፉልኝ» እያለ ይመጣል።

የድሮዎቹ ላፕቶፖች ቁልፋቸው ከሆዳቸው ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይመጣ ነበር፤ ወረቀቱ ከጭን ጋር እየታሸ ፊደሉ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ግን ወረቀት የላቸውም። መጀመሪያ ወረቀት አልባው ሲመጣልኝ ግራ ገብቶኝ ጋሽ ደምሴን ጠየቅኳቸው።

«ፋብሪካው ቁልፉን ቦርዱ ውስጥ፣ ሁሉም ነገር በተሰካበት ዋና ሰሌዳ ላይ ጽፎታል» አሉኝ። «ዲስኩን ብትጠርጊው ቦርዱ አይረሳም። ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን እትም ጫኚና ኢንተርኔት አገናኚው፤ ራሱ ይጨርሰዋል። ለግል መጠቀሚያ የሚሆነውን፣ የቤቱን የዊንዶው እትም ይዞ በመጣው ላይ የመሥሪያ ቤቱን እትም ከጫንሽ ግን ዕድሜ ልክሽን ብትጠብቂ አይሆንም።»

በዚያን ጊዜ አንዳንዱ ባለሙያ ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት አልነበረውም። ያገኘውን እትም ይጭንና ቁልፍ ሰባሪ የሚባለውን ፕሮግራም ያስሮጥበታል፤ ጽሑፏ ትጠፋለች፣ ባለቤቱም ተደስቶ ይሄዳል። ጋሽ ደምሴ ያን ፕሮግራም በእኛ ጠረጴዛ ላይ አላስነኩም። አንድ አለቃችን «ሁሉም የሚያደርገውን እናንተ ምን ቤት ናችሁ?» ብለው ተቆጥተው ነበር። ጋሽ ደምሴ የአለቃውን የራሳቸውን ላፕቶፕ ወስደው፣ ጠርገው፣ ትክክለኛውን እትም ጭነው በነጋታው መለሱላቸው። አለቃው ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሡትም።

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የከበደኝን ልናገር።

ከሞላሌ ወደ እኛ በሚመጣው መንገድ ላይ ባለ አንድ ደብር መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ የዜማ መምህር ነበሩ። ምእመናን አዋጥተው ላፕቶፕ ገዝተውላቸዋል። መሪጌታ ላፕቶፑን የተጠቀሙበት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያስተማሯቸውን የኔታን ድምፅ ለመቅዳት። የኔታ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ጉልበታቸውም ደክሞ ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልደከመም። መሪጌታ አጠገባቸው እየተቀመጡ ድጓውን በየክፍሉ ቀዷቸው። የኔታ ያረፉት ቀረጻው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው።

በክረምቱ የመሪጌታ ቤት ጣሪያ አፈሰሰና ውሃው ላፕቶፑ ላይ ወረደ። ይዘውት ሲመጡ እኔ ነኝ የተቀበልኳቸው። ከፍተን ስናየው ቦርዱ ተቃጥሏል፤ ዲስኩ ግን ደረቅ ነው። ጋሽ ደምሴ ዲስኩን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው «ይህ ከተረፈ ሁሉም ተርፏል» አሉ። ሁላችንም ደስ አለን። ጋሽ ደምሴ ደብረ ብርሃን ሄደው ስክሪኑ ከተሰበረ የዚያው ዓይነት ላፕቶፕ የወጣ ቦርድ ፈልገው አመጡና ገጠምነው። መሪጌታም በቀጠሯቸው መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ።

ማሽኑ ተነሣ። የመጣው ግን ሰማያዊ ገጽ ነው፤ ረጅም የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል።

እኔ በመጀመሪያ አልገባኝም። ጋሽ ደምሴ ግን ገባቸው፤ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ላፕቶፑ ገና አዲስ ሳለ ሌባ እንዳይከፍተው ብሎ ዲስኩን ራሱ ቆልፎት ኖሯል። ቦርዱ እስካለ ድረስ ቦርዱ እየከፈተለት ማንም ሳያውቀው ኖረ። ቦርዱ ሲለወጥ ግን ዲስኩ አዲሱን ቦርድ «አላውቅህም» አለው። የመክፈቻው ቁጥር የሚገኘው ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲከፈት በተመዘገበው አካውንት ውስጥ ነው። መሪጌታን ጠየቅናቸው፤ የምንለውን አካውንት ሰምተውትም አያውቁም። «የሸጠልን ልጅ ነው ከፍቶ የሰጠን» አሉ።

ልጁን ለማግኘት ሳምንታት ፈጀብን። ሱቁን ትቶ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኗል። ስልክ ደውለን ሁላችንም እየሰማን ጠየቅነው።

«እኔ ላፕቶፑ እንዲነሣ ብዬ ለእያንዳንዱ ገዢ የሆነ ነገር ሞልቼ ነበር የማስረክበው» አለ። «የሞላሁትን ግን አላስታውሰውም። ባስታውሰው ምን ይጎዳኛል፤ ደስ ብሎኝ እነግራችሁ ነበር።»

እውነቱን ነበር። በድምፁ ይታወቃል። የሚመስለውን ሁሉ እየነገረን ሞከርን፤ አንዱም አልሆነም። ጋሽ ደምሴ በሙያ የሚያውቋቸውን ሰዎች ሁሉ ጠየቁ፤ መልሱ አንድ ነው፤ ያለ ቁጥሩ አይከፈትም።

መሪጌታ የመጨረሻውን ለመስማት የመጡ ቀን ጋሽ ደምሴ ወንበራቸውን አዙረው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«መሪጌታ፣ አልቻልንም» አሏቸው።

«ድምፃቸው ጠፋ ማለት ነው?»

«አልጠፋም። እዚህ ውስጥ አለ።»

«አለ፤ ግን አይሰማም።»

«አዎ፣ አይሰማም።»

መሪጌታ ዲስኩን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። ትንሽ ነገር ነው፤ ከክብሪት ሣጥን ብዙም አይከብድም። «ምናልባት አንድ ቀን?» አሉ።

እኔ «ምናልባት» ልል ነበር። ጋሽ ደምሴ ቀደሙኝ። «የማላውቀውን ተስፋ አልሰጥዎትም» አሏቸው። «አይጥሉት። ነገር ግን አይጠብቁት።»

መሪጌታ ዲስኩን በመሐረብ ቋጥረው ኪሳቸው ከተቱት። ላፕቶፑን ግን «ለተማሪዎቹ ይሁን፣ አስተካክሉልኝ» አሉ። ሌላ ዲስክ ገጥመን ዊንዶው ጫንኩበት። ኢንተርኔት እንዳገናኘሁት በዚያች ቅጽበት አክቲቬት ሆነ። ከደብረ ብርሃን የመጣው ቦርድ የራሱን ቁልፍ ይዞ መጥቶ ኖሯል። በሌላ ቀን ቢሆን አጨበጭብ ነበር። ያን ቀን ግን ስክሪኑን ዝቅ አድርጌ ወደ ጎን አዞርኩት፤ ማሽኑ እንዲህ በቀላሉ መነሣቱ አሳፈረኝ።

መሪጌታ ምን እንዳሰብኩ ያወቁ ይመስለኛል። «ወዲህ አምጪው እኅቴ» አሉኝ። ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ድምፅ መቅጃው የት እንዳለ ጠየቁኝ። ከፈትኩላቸው። ጉሮሮአቸውን ጠራርገው፣ እዚያው ቢሯችን ውስጥ፣ የኔታ ካስተማሯቸው ዜማ የመጀመሪያውን ጀመሩ። በኮሪደሩ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆመ። ሲጨርሱ አዳመጡት። «የኔታ እዚህች ላይ ከእኔ ይበልጡ ነበር» አሉና አስቀመጡት። «ቢሆንም የሳቸው ነው።» ከዚያ ላፕቶፑን ይዘው ሄዱ።

ጋሽ ደምሴ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። በነጋታው ሥራ ስንጀምር ግን ከወንዙ ጥያቄ ጎን ሌላ ጥያቄ ጨመሩ፤ «አካውንቱ በማን ስም ነው የተከፈተው?» እሳቸው ጡረታ ወጥተው ጠረጴዛውን ለእኔ ከተዉልኝም በኋላ ያለዚያ ጥያቄ አንድም ላፕቶፕ አልነካሁም። አካውንት የሌለውን ራሱ በገዛ ጣቱ እንዲከፍት አደርጋለሁ። የመክፈቻውን ቁጥር አውጥቼ «ይህን ላፕቶፑ ከሚቀመጥበት ውጭ ያስቀምጡት» እላለሁ። ብዙው ሰው ለምን እንደማጨናንቀው አያውቅም ነበር፤ ዝም ብሎ ይታዘዘኛል። ለእኔ ይበቃኛል። ከዚያ በኋላ በእኔ ጠረጴዛ ላይ በዚያ መንገድ ድምፁ የተቆለፈበት ሰው የለም።

ጠረጴዛው የብቻዬ ከሆነ በኋላ ያሳለፍኩት ጊዜ ጥሩ ጊዜ ነበር። አለቆች ተለዋወጡ፤ አንዱ መሣሪያ ማስቀመጫውን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ስብሰባ ይሄድ ነበር፤ ሌላዋ ደግሞ እኔ ሳልጠይቅ የመብራት መጥፋት የሚቋቋም ባትሪ አስገዛችልኝ። እግዜር ይስጣት፤ ዊንዶው እየተጫነ መብራት ሲጠፋ የሚሰማኝን ድንጋጤ ከእኔ ላይ ያነሣችው እሷ ናት።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ፣ አንድ ቅዳሜ ቤቴ ድረስ አንዲት ልጅ ዘመሮ ከምትባል ጎረቤት ከተማ በሚኒባስ መጣች። ሰናይት ትባላለች። ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። አባቷ ከጎተራ ጣሪያ ላይ ወድቀው ወገባቸውን ተጎድተው አልጋ ላይ ናቸው፤ ከእሷ በቀር የሚያነሣቸው የለም። ስለዚህ ከተማ ወጥታ ሥራ መያዝ አልቻለችም። አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት ቤቷ ሆና የተቀዳ ንግግር እያዳመጠች በአማርኛ ትጽፋለች። ሥራዋን ወደውላታል፤ ቋሚ ሊያደርጓት ነው። ግን ማሽኗ ትክክለኛ ፈቃድ ያለው፣ ቫይረስ የሌለበት መሆኑን ሰኞ ጠዋት በኢንተርኔት ገብተው ያዩታል። በየደቂቃው ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው ላፕቶፕ ደግሞ እጇ ላይ ነው።

«ያሳየሁት ሰው ሁሉ ላፕቶፑ ፎርጅድ ነው፣ ጣይው አለኝ» አለች። «እትዬ፣ እውነት ፎርጅድ ነው?»

ከፈትኩት። የሸጠላት ሰው የመሥሪያ ቤቱን እትም ጭኖ ቁልፍ ሰባሪ አስሮጦበታል። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ከዚያ ነው። ማሽኑ ራሱ ግን ጤነኛ ነበር።

«ወንዝ ቢገባ ምኑ ያስለቅስሻል?» አልኳት።

«ግማሽ ያደረስኩት ጽሑፍ አለ። ሌላው ምንም አይደለም።»

ጽሑፉን ገለበጥኩት፣ ከፍቼም አየሁት። ከዚያ ዲስኩን ጠርጌ ጫንኩ። ስጭን ማሽኑ የትኛውን እትም ትፈልጊያለሽ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ዝም ብሎ የቤቱን እትም መረጠና ቀጠለ። ሰናይት ፊቴን አይታ «ምን ሆነ?» አለች።

«ሳይጠይቀኝ አለፈ። ቁልፉን ራሱ አግኝቶታል ማለት ነው።»

አካውንት እንዳላት ጠየቅኳት፤ ከድሮ ራሷ በስልኳ የከፈተችው አላት። የቀረን ኢንተርኔት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከዐርብ ጀምሮ በከተማው ጠፍቷል፤ የሚሠራው የስልክ ጥሪ ብቻ ነው። ጠበቅን። የባለቤቴን ስልክ ሞከርን፣ የጎረቤት ስልክ ሞከርን። ያቺ ጽሑፍ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች። ወደ ዘመሮ የሚመለሰው መኪና ሊሄድ ሲል ሰናይት ተነሣች፤ አባቷን አደራ ያለቻት ጎረቤት ከዚያ በላይ አትቆይላትም።

«ሳይሆን ልውሰደው እትዬ?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ቤትሽ ስትደርሺ ከስልክሽ ኢንተርኔት ስጪው። ሌላ ምንም እንዳትነኪ። ራሱ ይጨርሳል።»

«ባይጨርስስ?»

«ነገ ቅዳሴ ስንወጣ ዘመሮ እመጣለሁ።»

እንዲህ ስላት አመነችኝ፤ ሄደች። እኔ ግን አላረፍኩም። ራት አቅርቤ ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር። ማሽኑን አምነዋለሁ፤ ኔትዎርኩን ነው ያላመንኩት።

ብዙም ሳይመሽ ደወለች። ድምፁ ይቆራረጣል። «እትዬ፣ ጽሑፏ የለችም» አለች።

«ማስተካከያው ውስጥ ግቢና የሚለውን አንብቢልኝ።»

እንግሊዝኛውን አነበበችልኝ። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለና ለአባቷ ይመስለኛል «ነቅቷል!» አለች።

ከኋላዋ የአባቷ ድምፅ መጣ። «ነቃ? የቱ ጋ ነው የነቃው? መኪናው ላይ ጣልሽው እንዴ?»

እሳቸው የሰሙት እንስራ እንደሚነቃ ነው። ሰናይት ሳቀች፤ ቀኑን ሙሉ ሳትስቅ ውላ እንዲያ ስትስቅ ስሰማ እኔም ብቻዬን ሳቅኩ። «አልተሰነጠቀም አባዬ፤ ሠራ ማለቴ ነው።»

«ታዲያ ሠራ አትይም?»

ሰኞ ድርጅቱ ማሽኑን አይቶ አለፈላት፤ እስከ ዛሬም እዚያው ዘመሮ ሆና ትሠራለች። ያን ምሽት ግን ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት አባቷ «እስቲ ስጪኝ» ብለው ተቀበሏት።

«ልጄን ከቤቷ ሳትወጣ እንጀራ አበሏት፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ።

«እኔ ብዙም አልሠራሁም» አልኳቸው። «ቁልፉ ድሮም እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነበር።»

«እርስዎ ምን ሠሩ ታዲያ?»

«የተጫነበትን ጠርጌ መንገዱን ለቀቅኩለት።»

«እሱም ሥራ ነው» አሉኝ።